መሬት በጣሳ

መቼም በእኛ ቤት ዕቃ አይሞትም፤ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ይዛወራል እንጂ። የኒዶን ጣሳ እንውሰድ። ወደ ቤት ሲገባ ባለማዕረግ ነው። ሕፃን የተወለደበት፣ ደህና ዘመድ የጠየቀው ቤት ምልክት ነውና ከቡፌው አናት ላይ እንግዳ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። ዱቄቱ ሲያልቅ ስኳር ይሾምበታል። ከስኳር ወደ ቡና፣ ከቡና ወደ ሽሮ፣ ክዳኑ የጠፋ ቀን ደግሞ ወደ ውሃ መቅጃነት ዝቅ ይላል። ገበያ ከወጣ እህል ይሰፈርበታል። ጠላ ቤት ከገባ አንድም መጠጫ ይሆናል፣ አንድም እንጨት ላይ ተደፍቶ በር ላይ ይቆምና «ጠላ አለ» እያለ ያለደሞዝ ማስታወቂያ ይሠራል። ከዚያ ሁሉ አገልግሎት በኋላ ቂጡ ዝጎ ውሃ መያዝ ሲያቅተው፣ ሌላው ዓለም «ቆሻሻ» የሚለው ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ እናቶቻችን የሚሰጡት አንድ የመጨረሻ ሹመት አለ። አፈር ሞልተው ጤና አዳም ይተክሉበታል። ማፍሰሱ እዚህ ላይ ጉድለት አይደለም፤ የሥራው መመዘኛ ነው።

ብዙ ዓመት የኖርኩት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። አምስት አባወራ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ማድ ቤት የምንጋራበት የቀበሌ ግቢ ነበር። ከእኔ ፊት ለፊት የሚኖሩትን ሴትዮ «እማማ» ነው የምላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሬን ከተውኩ ስንት ዘመኔ፣ ዛሬም «መምህር» ይሉኛል። አንድ እሑድ ጠዋት ሥራ ስፈታ እማማ የተከሉባቸውን ነገሮች ቆጠርኩ። 43 ሆኑ። 17ቱ የኒዶ ጣሳ። ከዚያ የዘይት ቆርቆሮ፣ ወገባቸው ላይ የተቆረጡ ቢጫ ጀሪካኖች፣ የተነደለ ሳፋ፣ ጆሮው የወለቀ ሰታቴ፣ አፉ የተሸረፈ እንስራ፣ ሆዱ የተሰነጠቀ ጀበና፣ አንድ የላንድሮቨር ጎማ፣ በመጨረሻም አንድ ሰማያዊ ፖፖ።

ስለ ፖፖው ትንሽ ላውራ። ባለቤቱ ዛሬ መሐንዲስ ነው። እጮኛውን ለማስተዋወቅ ያመጣ ዕለት ቀድሞ ገብቶ ፖፖውን ከነጽጌረዳው ወደ ግድግዳ አዙሮት አየሁ። እማማ ቡናውን እያቀራረቡ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ወደ ቦታው መለሱት። ልጅቷ ገባት መሰለኝ፣ ሳቀች። ለማንኛውም የእማማ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ፖፖ ውስጥ የሚበቅለው የሚታይ ነገር ብቻ ነው። የቡናው ጤና አዳም ከኒዶ ጣሳ ይቀነጠሳል። በቀለም ባልዲ ደግሞ የሚበላ ነገር አይተከልም፤ «ቀለሙ ወደ ሥሩ ይገባል፣ ሥሩ ወደ አንተ ይገባል» ይላሉ። ይህን የሰማ የኬሚስትሪ መምህር ጓደኛዬ ከዚህ የተሻለ አላስተማርኩም ብሎኛል።

አተካከሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጣሳው በትልቅ ሚስማር ቂጡ ላይ አምስት ስድስት ቦታ ይበሳል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይደለም፣ አለዚያ የተገለበጠው ጠርዝ ውሃውን ያቁረዋል። ከሥር ጠጠር፣ ወይ የተሰበረ ሸክላ። ከዚያ አፈር። ከእንጦጦ ሥር ተቀምጦ አፈር መቸገር የሚገርም ይመስላል። ግን ተራራው የለበሰው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙ እንደሚነግረን ከባሕር ማዶ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የመጣ፣ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣ፣ ግን ከጥላው ሥር ሌላውን እንደልብ የማያበቅል እንግዳ። እማማ ከባሕር ዛፍ ሥር አፈር አያስወስዱም። ጥድ ካለበት ነው የሚያስመጡት፤ እሱንም ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይለውሱታል። ከዚያ በኋላ ቀለቡ ከማድ ቤት ነው። የሥጋ እጣቢ፣ የቡና አተላ፣ አልፎ አልፎ እፍኝ አመድ። እንቁላል ከተሰበረ ቅርፊቱ አይጣልም፤ በበሩ አጠገብ ባለው ሹል ሹል ቅጠል ጫፍ ላይ አንድ በአንድ ይሰካል። ያን ነጭ በነጭ የሆነ ቁጥቋጦ ባየሁ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ትዝ ይለኛል። እማማን ዝምድናው ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያምራል እኮ፣ አያምርም?» አሉኝ። ስንት ዓመት ስለ ተምሳሌት ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለ አጭር መልስ አልሰማሁም።

ጣሳ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈበት ዝገቱ በልቶት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ጀሪካን ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ስለዚህ አዲስ አሮጌ ያስፈልጋል፤ አባባሉ ቢያስቅም ሌላ ቃል የለኝም። አዲስ አሮጌ ለማግኘት ደግሞ ፉክክር አለ። ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰው አለ፤ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው ይባላል። ከኋላው «ልዋጭ! ልዋጭ!» ባዩ ይከተላል፤ አሮጌ ልብስ ሰጥቶ አዲስ ሳህን መቀበል ነው። እነዚህ ሰዎች የሰበሰቡት መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። የቦታውን ስም ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ «ምን አለሽ?» ብሎ ሴትን የሚጠይቅ ገበያ ነው። እዚያ በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይወጣል። እማማና ቆራሌው አንድ ዓይነት ዕቃ የሚፈልጉ ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ልዩነታቸው፣ እማማ የሚከፍሉት በጤና አዳም ነው።

የእማማ ትልቁ የመሰብሰቢያ ቀን ኅዳር 12 ነበር። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን ከፈጀ ወዲህ፣ በዚያ ዕለት አዲስ አበባ ቤቷን ጠርጋ ቆሻሻዋን በየደጁ ታቃጥላለች። ያቺ ቀን የማይጥለው ሰው ሁሉ የሚጥልባት ቀን ናት። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከክምር ክምር እየዞሩ፣ እሳቱ ሳይያያዝ፣ የሚተርፈውን ያተርፋሉ። የጎረቤት ልጆች ይሥቁባቸዋል። እኔም አንድ ጊዜ «እማማ፣ ይኼ ሁሉ ሰው የጣለውን እርስዎ ብቻዎን ይሰበስቡታል?» አልኳቸው። «የተጣለ ነገር የሚሄድበት አገር ያለ መሰለህ?» አሉኝ። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ቆሼ ተንዶ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ሲቀበር ይህ አነጋገራቸው ጆሮዬ ላይ ነበር። እኛ «ጣልኩት» የምንለው ዕቃ በሌላ ሰው ቤት ጣሪያ በላይ ሲከመር ኖሯል።

አሁን አሁን ደግሞ በአሮጌ ዕቃ መትከል ፋሽን ሆኗል። ወደ እንጦጦ ወጣ ብሎ ማኪያቶ የጠጣ ሰው አይቶታል። ጎማው ተቆርጦ ጣዎስ ይሆናል፣ ቀይ ሰማያዊ ይቀባል፣ ጅራቱ ላይ አበባ ይበቅላል። አሮጌ ብስክሌት ከነቅርጫቱ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ጋሪ፣ በርሜል፣ የልብስ ስፌት ሲንጀር ሳይቀር ከነእግሩ ቆሞ ጽጌረዳ ተሸክሟል። ተራራው ላይ በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ፎቶ የሚነሳው ሰው በዝቷልና እንዲህ ያለው ጌጥም ገበያ አገኘ። አልጠላውም። ጎማ በአገራችን ከመኪና ወርዶ ወደ እግር የሚሄድ ዕቃ ነበር፤ በረባሶ ያላደረገ ያውቀዋል። ከእግር ደግሞ ወደ ጣዎስነት ማደጉ ምን ያስከፋል? የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንዱን ባለቤት «ይህ ጎማ ከየት መጣ?» ብዬው «ተሠርቶ ነው የገዛሁት» አለኝ። የበሰበሰ እንዲመስል ሆን ተብሎ የተዛገ ባልዲም አይቻለሁ። አሮጌ መስሎ ለመታየት አዲስ መግዛት! እማማ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሣቅሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የወጣውን ሥራ መካድ ግን አይገባም። ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ፣ ሽቦና የቁልፍ ሰሌዳ እየሰበሰበ ዓለም ቆሞ የሚያየው ሥራ ሠርቷል። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ ያቋቋሙትና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ በጭቃና በጭድ ግንብና በአትክልት የተሠራ ነው። እዚያ በሄድኩ ቁጥር እማማን አብሬ ባመጣቸው እላለሁ። ያስገርማቸው ይሆን ወይስ «እኔ ቤት ያለው እኮ ነው» ይሉ ይሆን? በእኛ ዘንድ አሮጌ ዕቃ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጥበብ ይባላል፤ በር ላይ ሲተከልበት ግን ችግር ነው የሚመስለን። ሐያሲ የሚላክለት አንደኛው ብቻ ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ከእማማ ቤት ጎን ሦስት እርምጃ በአራት የምትሆን ባዶ መሬት ነበረች። አፈሯ ደህና ነው፣ ፀሐይ ታገኛለች፣ የጣሪያው አሸንዳም ያጠጣታል። እማማ ግን አንዲት ሥር አልተከሉባትም። ጣሳዎቻቸውን ደርድረውባታል እንጂ። የእንጦጦን ብርድ ሰበብ አደርግ ነበር፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ በሶብላን ያቃጥላል፣ ጣሳ ከሆነ ግን ማታ ማታ ወደ በረንዳ ይገባል። እማማም ያስገቡ ነበር። አንድ ቀን ግን በቀጥታ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ መሬት እያለ ለምን በጣሳ?»

ኮሰረት እየቆነጠሩ ነበር። ቀና አላሉም።

«መሬቱ የቀበሌ ነው» አሉ። «ጣሳው የእኔ ነው።»

ይህች ሴት አዋጅ አላነበቡም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን እሳቸው ከገጠር የመጡ ወጣት ነበሩ፤ የተነጠቁት ቤት የለም፣ እንዲያውም በጥቂት ብር ኪራይ ጣሪያ ያገኙት ከዚያ ወዲህ ነው። ቅሬታ የላቸውም። ግን ያን ያህል ዓመት በዚያች ግቢ ሲኖሩ፣ ልጅ ወልደው ድረው፣ ባል ቀብረው፣ ሥር የሚሰድ ነገር መሬት ላይ አላኖሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፈረንሳይ፣ በቀበና፣ በሾላ ገበያ ዙሪያ ስዘዋወር ማየት ጀመርኩ። የራሱ ይዞታ ያለው ሰው መሬት ላይ ይተክላል፤ ኮክ፣ ጌሾ፣ ጥድ፣ ልጅ ልጁ የሚደርስበትን። ተከራዩ በጣሳ ይተክላል። ሕግ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ካላመናችሁ ግን በየሰፈራችሁ ዞራችሁ እዩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ በሶብላውን በአይስክሬም ባልዲ በረንዳ ላይ እንደሚያበቅል፣ ክረምት ሲመጣ ወደ ሳሎን እንደሚያስገባው ነግሮኛል። እሱም ተከራይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግቢው ለልማት ተፈለገ። ሁላችንም እንደየእጣችን ተበተንን፤ እማማ ምትክ ያገኙት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። (ስሙ የካ ይሁን እንጂ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው የሚባለው። ሰው ባይንቀሳቀስ እንኳ ክፍለ ከተማው ይንቀሳቀስበታል።) የጫኑ ቀን ዕቃ ላግዝ ሄድኩ። አንድ አይሱዙ ነው የመጣው። መሐንዲሱ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ አልጋ፣ ምጣድ፣ ፍሪጅ አስጫነ። ከዚያ መኪናው ሞላ። የቀሩት ትልቁ ቁም ሳጥንና ጣሳዎቹ ናቸው።

«እማዬ፣ ይኼን ቆርቆሮ ቆራሌው ይውሰደው። እዚያ ስንደርስ አዲስ የአበባ ማሰሮ እገዛልሻለሁ።»

«አፈሩንም ትገዛልኛለህ?»

«አፈርም ይሸጣል እማዬ።»

«የዚህን ሰፈር?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ።» እኔ ምን እነግራለሁ? ጫኞቹ ደግሞ ሰዓት እየቆጠሩ ነው። እማማ ቁም ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ከሠርጋቸው ጀምሮ የነበረ የዋንዛ ሥራ ነው። «ይኼ ውስጥ ምን ይበቅላል?» አሉ። ቁም ሳጥኑ ለጎረቤት ቀረ። ጣሳዎቹ ከነአፈራቸው፣ እየተንጠባጠቡ፣ አልጋው ላይና ፍሪጁ አናት ላይ ተደረደሩ። ፖፖውን እማማ ራሳቸው አቅፈው ጋቢና ገቡ። አርባ ሦስት ጣሳ የተጫነ መኪና ኮተቤን አልፎ ሲሄድ ያየ ሰው አትክልተኛ ቤት የቀየረ ሳይመስለው አይቀርም። ያ ግቢ በካርታ ላይ ዛሬ የለም፤ አፈሩ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አለ።

አባዶ ላይ ነገሩ ቀላል አልሆነም። በረንዳው አንድ ሰው ወንበር ይዞ የሚቀመጥበት ስፋት ነው። ጣሳዎቹ በሦስት ረድፍ ቆሙ፤ የተረፉት ደረጃው ላይ ወረዱ። ሲጠጡ ይንጠባጠባሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ነጭ አንሶላ ታሰጣለች። ቀይ የአፈር ውሃ በነጭ አንሶላ ላይ ምን እንደሚመስል መገመት ነው። አንደኛ ቀን ድምፅ፣ ሁለተኛ ቀን ስድብ፣ በሳምንቱ የነዋሪዎች ኮሚቴ መጣ። ደረጃው ላይ ያሉት እንዲነሱ፣ በረንዳው «ለሕንፃው ገጽታ» እንዲጸዳ። እውነቱን ለመናገር ኮሚቴው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ደረጃ የሰው መተላለፊያ ነው፤ በጨለማ ጀሪካን የመታው እግር ምን እንደሚል አውቃለሁ። የሴትዮዋም አንሶላ አንሶላ ነው። በጋራ ቧንቧ የኖረ ሰው በጋራ ግድግዳ መኖር ሌላ ትምህርት ይጠይቀዋል። «ገጽታ» የሚለው ቃል ግን አልዋጥልህ አለኝ። እዚያው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ አበባ በአቧራ ተሸፍኖ ተንጠልጥሏል፤ እሱን ማንም አልነካውም።

እማማ አልተጣሉም። ከደረጃው ያሉትን አነሱ፤ 43ቱ 26 ሆኑ። ለቀሩት ደግሞ ከየቤቱ የተሰነጠቀ ሳህን እየለመኑ ከሥር ከሥር አደረጉላቸው፤ ጠብታው ቆመ። ይኼ ሁሉ ካለፈ በኋላ የታችኛዋ ሴት ልጅ ምች መታው። ዳማከሴ ፍለጋ ታክሲ ተሳፍሮ ገበያ መሄድ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ፎቅ መውጣት። ወጣች። እማማ ምንም አልተናገሩም አሉ፤ እፍኝ ሙሉ ቀጥፈው በነጠላ ጫፍ ጠቅልለው ሰጡ፣ እንዴት እንደሚታሽም አሳዩ። ታርቀዋል ብዬ አልምልም፤ ሴትዮዋ ስለ አንሶላው ዛሬም ታነሳለች። ግን ባለፈው ስሄድ ከእማማ በር አጠገብ ሁለት የታጠቡ ባዶ ጣሳዎች ተቀምጠው አየሁ። «ከየት ነው?» ብል «ከታች» አሉኝ።

ያን ቀን ስወጣ ለእኔም የዳማከሴ ቅንጣቢ አዘጋጅተው ነበር፣ በርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ። ጋዜጣውን በአንድ ዓይኔ ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ስፖርት ገጽ ነው፣ የእኔ ዓምድ አይደለም። የእኔም ጽሑፍ አንድ ቀን ለዚህ ሹመት ይበቃል የሚል ተስፋ አለኝ።

«ጣሳ አለህ መምህር?» አሉኝ ከደረጃው አናት ላይ ሆነው።

ቤቴ ገብቼ ፈለግሁ። የለም። ዘይቱ በፕላስቲክ፣ ወተቱ በፌስታል፣ ቡናው በላስቲክ ከረጢት። እንደ አንሶላ የሚታጠፍ ነገር እንጂ የሚቆም ነገር ቤቴ ውስጥ አልነበረም። ቅንጣቢው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት «ቆራሌው!» ሲል በር ላይ ጠበቅሁት። ከጆንያው ሁለት ጣሳ አወጣ፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ ቂጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ። የተበሳውን አነሳሁና ዋጋ ጠየቅሁ። ከደህናው አስበልጦ ጠራ።

«እንዴ፣ ቀዳዳ አይደለም እንዴ?»

«ለአበባ ነው አይደል ጋሼ?» አለ፣ እጄ ላይ ያለውን ቅንጣቢ እያየ። «ለአበባ ከሆነ ተበስቶ ያለቀ ነው፤ ይወደዳል።»